ያልተዘጋው ኮፈን

ሚላን አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ነው። ፊት ለፊቴ አንዲት ነጭ አሮጌ አልፋ ሮሜዮ ቆማለች። ኮፈኗ በደንብ አልተዘጋም። የፊት ጠርዙ ብድግ ብሏል፤ ከሥሩ ጥቁር ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ይታያል። ታታሪ መስዬ ልታይ ብዬ በሁለት መዳፌ ተጫንኩት። ፍንክች አላለም። ከፈትኩትና እንደ ላዳ ኮፈን ከላይ ለቀቅኩት። ጓ! አሁንም ብድግ እንዳለ ነው።

ከኋላዬ ሳቅ ሰማሁ። የጋራዡ ባለቤት ናቸው። ሁላችንም «ካፖ» የምንላቸው፣ ሰባን የተሻገሩ ሽማግሌ። መጥተው የኮፈኑን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ከዳር እስከ ዳር ዳሰሱት። «ስካሊኖ» አሉኝ። ትንሽ ደረጃ ማለት ነው። በእጃቸው አየር ላይ ደረጃ ሠርተው አሳዩኝ። ኮፈኑ ተዘግቷል። ፋብሪካው ሲያወጣትም እንዲሁ ነበረች።

እኔ ደግሞ ሁለቴ ልደፈጥጠው ሞክሬያለሁ።

ያን ጊዜ ጣልያንኛዬ ከሰላምታ አያልፍም። ካፖን የገረማቸው ግን ሌላ ነገር ነው። ዕቃ አምጣ ሲሉኝ አመጣለሁ። ካቻቢቴ ሲሉ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ ሲሉ ፒንሳ። ቡና በወጉ ማዘዝ የማይችል ሰው ቴስታታና ጓርኒሲዮን፣ ካምቢዮና ፍሪሲዮን፣ ካንዴላና ባሌስትራ ያውቃል። አንዳንዱ ቃል በመንገድ ላይ መልኩን ቀይሯል። እኔ «ቸርኬ» ስል እሳቸው «ቼርኪዮኔ» ይላሉ። እኔ «ፓራውልት» ስል እሳቸው «ፓራውርቲ»። «ፍሬቻ» ላይ ግን ያለምንም ክርክር ተግባባን። አማርኛ ነው ብዬ ያደግኩበት የጋራዥ ቋንቋ ግማሹ የሰው አገር ንብረት ሆኖ ተገኘ። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ሄደ፤ ብሎኑንና ስሙን ግን ትቶልን ነው የሄደው።

ሙያህ ምንድን ነው ሲሉኝም በአንድ ቃል መለስኩ። «ባቲላሜራ»። ላሜራ መቺ። እነሱ «ባቲላስትራ» ማለቱን ያዘወትራሉ። ቢሆንም ገባቸው።

ሙያውን ያስተማሩኝ አጎቴ ናቸው። ጋሼ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከአንድ ሰፊ ግቢ ጥግ ላይ ነበር የሚሠሩት። ላዳም ይመጣል፣ ቶዮታም ይመጣል፣ ሰማያዊና ነጭ ታክሲም ይመጣል። የሚጠየቁት ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የተጋጨችው መኪና ያልተጋጨች እንድትመስል። የተጎዳውን ላሜራ ከሥር ብረት ደግፈው፣ ከላይ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ይመልሱታል። የቀረውን ስቱኮ ይሸፍነዋል። ከዚያ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ፣ እንደገና የብርጭቆ ወረቀት። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን በላዩ ላይ ያሳልፉታል። «ውሃ ልክ» ካሉ አለቀ። ውሃ ልክ ካልሆነ ግን ቀለም የሚባል ነገር የለም፤ ባለቤቱ ቢያለቅስም የለም።

እንግዲህ ውሃ ልክ ተምሬ ነው ስካሊኖ ያለበት ቤት የገባሁት።

ስለ መኪናዋ ልናገር። ጁሊያ ስፕሪንት ጂቲ ትባላለች። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍና፣ ለሕዝብ የቀረበችው በመስከረም 1963 ነው። የነደፋት ጆርጄቶ ጁጃሮ ሲሆን ያኔ ቱሪን ከተማ ለነበረው ለቤርቶኔ የመኪና ቦዲ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ዕድሜው 25። እኔ በ25 ዓመቴ የላዳ ፓራፋንጎ አቃንቼ የዓለም ጌታ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አልፋ በዚያን ሰሞን ከሚላን ወጣ ብሎ አሬዜ የሚባል ቦታ አዲስ ፋብሪካ አቋቁሞ ነበር። ከዚያ ፋብሪካ መጀመሪያ የወጣችው ይቺው ናት። ከፊት ፓራፋንጎዋ ጎን፣ ዝቅ ብሎ፣ «ዲሴኞ ዲ ቤርቶኔ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ተለጥፎባታል። ንድፉ የቤርቶኔ ነው ማለት ነው። የወጣቱ ስም የለበትም።

ከሩቅ ሲያዩዋት ከ1963 እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ የተሠሩት ሁሉ አንድ ናቸው። ቀረብ ሲሉ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1966 ቬሎቼ የምትባለዋ መጣች። ሞተሩ ያው 1570 ሲሲ ነው። ጉልበቱ ከ106 ወደ 109 ፈረስ ከፍ አለ፤ ማለትም አልጨመረም ብንል ያምርብናል። ለውጡ ያለው ፊቷ ላይ ነው። የስፕሪንት ጂቲዋ ፍርግርግ ክሮም የሆነ ወንፊት ነበር። የቬሎቼዋ ጥቁር ወንፊት ሆኖ ሦስት አግዳሚ የክሮም ዘንግ ተዘረጋበት። የስፕሪንት ጂቲዋ ፓራውልት ክሮም የተነከረ ተራ ብረት ነው፤ የቬሎቼዋ ስቴንለስ። ከኋላ መስኮቱ ጎን ባለው ምሰሶ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ባለ አራት ቅጠል ክብ ምልክት ተጨመረ። ይህን ምልክት በኢንተርኔት በጥቂት ዩሮ ገዝቶ የሚለጥፍ ሰው ስንት እንዳለ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ፎርጅድ ዲግሪ ግድግዳ ላይ እንደመስቀል ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው 1750 የምትባለዋ ስትወጣ ነው፤ 1967 አልቆ 1968 ሲገባ። ሞተሩ 1779 ሲሲ ሆነ። ሁለት የነበረው የፊት መብራት አራት ሆነ። ቸርኬው ከ15 ኢንች ወደ 14 ወረደ። ስካሊኖውም ጠፋ። ኮፈኑ ከአፍንጫዋ ጋር ገጠመ። ውሃ ልክ! ጋሼ ቢያዩት «አሁን ገና ሠሩት» ይሉ ነበር።

እዚህ ላይ ደስ የሚለኝ ነገር አለ። ርካሿ እህቷ፣ 1300 ጁኒየር፣ እስከ 1970 ገደማ ስካሊኖዋን እንደያዘች ቆየች። የሀብታሙ ልጅ አዲስ ኮት ሲገዛለት አሮጌውን የድሃ ዘመድ እንደሚወርሰው ማለት ነው። ዛሬ ታዲያ ያን አሮጌ ኮት ፈላጊው ብዙ ነው። ሰዎች ጋራዣችን መጥተው ከምንም በፊት የሚያዩት የኮፈኑን ጠርዝ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት ቀይ መጣች። አፍንጫዋ ለስላሳ ነው፤ ስካሊኖ የላትም። መብራቷ ግን ሁለት ብቻ ነው። ካፖ ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ በስተኋላ ባለው ግድግዳ ላይ የተመታውን ቁጥር በጨርቅ ጠርገው አሳዩኝ። 105.02 ብሎ ይጀምራል። ይህ የስፕሪንት ጂቲ ቁጥር ነው። ቬሎቼ ብትሆን 105.36፣ 1750 ብትሆን 105.44 ይሆን ነበር። ስለዚህ ፊቷና መታወቂያዋ አይገናኙም። የሆነ ጊዜ፣ የሆነ ቦታ፣ በአፍንጫዋ ተጋጭታ ገበያ ላይ በተገኘው ላሜራ ተጠግናለች። ያኔ አሮጌ መኪና ነበረች፤ ማን ግድ ይሰጠዋል? ጠጋኙ ሰውዬ ቀሽም አልነበረም። ብየዳው ንጹህ ነው። ጋሼም ቢሆኑ እንደዚያው ነበር የሚያደርጉት። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ እንደዚያው ነበር የማደርገው።

ባለቤቱ ሲነገረው አንገቱን ደፋ። ለ15 ዓመት የነዳት መኪና ናት። «ታዲያ ይቺ ምንድን ናት?» አለ። ካፖ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሰውየው አሁንም በዚያው ፊቷ ይነዳታል። ልክ አደረገ ባይ ነኝ።

ከዚህ ቤተሰብ ዋናዋ ባለ ዝና ጂቲኤ ናት። በ1965 የመጣች፣ ለውድድር የተሠራች። የመጨረሻዋ ፊደል «አለጀሪታ» ማለት ናት፤ የቀለለች። ከውጭ ያለው ላሜራዋ ብረት አይደለም፣ ፔራሉማን የሚባል የአሉሚኒየም ቅይጥ ነው። እሱ ከውስጠኛው የብረት ቦዲ ጋር በሙጫና በሪቬት ተያያዘ። የጎንና የኋላ መስኮቶቿ ፕላስቲክ ናቸው። የበር እጀታዋ እንኳ ቀሏል። እንዲህ እንዲህ ተብሎ ክብደቷ ወደ 745 ኪሎ ግራም ወረደ፤ ተራዋ እህቷ 950 ገደማ ናት። ለውድድር ደንብ ሲባል የተሠሩት 500 ናቸው። ዛሬ ጂቲኤ የሚመስሉት ስንት እንደሆኑ ግን እግዜር ይወቀው። ተራ ጁኒየር ገዝቶ፣ ባጅ ለጥፎ፣ እጀታ ቀይሮ «ጂቲኤ» ማለት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ለመጫወት ያደርገዋል፤ ምንም ክፋት የለውም። አንዳንዱ ለመሸጥ ያደርገዋል።

ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ቀን ሱፍ የለበሰ ገዢ መጣና ከኮቱ ኪስ በመሀረብ የተጠቀለለ ማግኔት አወጣ። ሻጩ አጠገቡ ቆሟል። ማግኔቱን በር ላይ አስጠጋ። ጠ! ተለጠፈ። አሉሚኒየም ላይ ማግኔት አይለጠፍም። ሰውየው ማግኔቱን ነቅሎ፣ መልሶ ጠቅልሎ፣ «ግራትሲዬ» ብሎ ሄደ። አንድም ሌላ ቃል አልተናገረም።

እኔ የሳቅኩት በሌላ ነው። አዲስ አበባም ማግኔት ይዞ የሚመጣ ገዢ ነበረን። እዚያ ግን ሥራው ተቃራኒ ነው። ማግኔቱ ካልተለጠፈ ነው ጉድ የሚፈላው፤ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ጋሼ ማግኔት የያዘ ደንበኛ ሲመጣባቸው «ይኼ ደግሞ ሐኪም ነው እንዴ?» ይሉ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። የሠራሁት በዚያችው ነጭ መኪና ላይ ነው። ሁለት ወር ቆይቼ ትንሽ እምነት ተጥሎብኝ ነበር። የሞተሩ ክፍል ተራቁቷል፣ ሞተሩ ወጥቷል፣ ቀለሙ ተገፏል። ሥራዬ ላሜራውን ለቀለም ማዘጋጀት ነው። የውስጠኛው ፓራፋንጎ ከሌላው ላሜራ ጋር በሚገናኝበት ከንፈር ላይ በረድፍ የተደረደሩ ክብ ጉድጓዶች አየሁ። ምስር የምታህል እያንዳንዷ። ርቀታቸው እኩል አይደለም። አንዱ ቦታ ላይ እንዲያውም ሁለቱ ተደራርበዋል። «አይ ጣልያን፣ እንዴት ያለ ዝርክርክ ሥራ ነው» አልኩ በልቤ። ስቱኮ በጠበጥኩ። ሞላሁ። አሸሁ። ዓርብ ከሰዓት ሙሉ በሙሉ በዚያ አለቀ። ሲመሽ ዓይኔን ጨፍኜ መዳፌን አሳለፍኩበት። ውሃ ልክ።

ሰኞ ጠዋት ካፖ መጡ። የእጅ ባትሪ አብርተው ብርሃኑን በጎን አጋደሙት። ዝም አሉ። የጣልያን ሽማግሌ ዝም ሲል አደጋ ነው። ከዚያ አልጮሁም። ፎቶዎቹን አመጡ። መኪናዋ ከመፈታቷ በፊት እያንዳንዱ ጥግ ፎቶ ይነሳል። «ቁጠር» አሉኝ። ቆጠርኩ። በግራ 23፣ በቀኝ 22።

እነዚያ ጉድጓዶች የነጥብ ብየዳ ናቸው። ሁለት ላሜራ ይደራረብና የማሽኑ ሁለት የመዳብ ጫፎች ከላይና ከታች ይቆነጥጡታል። ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ መሃሉ ቀልጦ ይጣበቃል። የተቆነጠጠበት ቦታ ክብ ሆኖ ይሰረጉዳል። ዛሬ ይህን ሮቦት ይሠራዋል፤ ርቀቱ በሚሊሜትር የተለካ ነው። ያኔ ግን ከባዱን መቆንጠጫ ይዞ ከንፈሩን እየተከተለ የሚሄደው ሰው ነው። ለዚህ ነው ግራው ከቀኙ በአንድ የሚበልጠው። ተደራርበው የነበሩት ሁለቱም ለዚህ ነው። ምናልባት አንደኛው አልያዘም መስሎት ደገመው። ምናልባት ጓደኛው ጠርቶት ዞር ብሎ ነበር። ማንም ይሁን ማን አሬዜ ውስጥ አንድ ቀን ቆሞ እጁን እዚያ ላይ ያሳረፈ ሰው ነው። እኔ በስቱኮ ደፈንኩት።

ስቱኮውን አውጥቶ ጉድጓዶቹን ማጽዳት ሁለት ቀን ፈጀ። ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ሳሽ ጠርዙን በልቼው ነበርና ካፖ ራሳቸው መልሰው አስተካከሉት። ከደሞዜ አልቆረጡም። ቢቆርጡብኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ተበላሸ። ወይም ተስተካከለ፤ እንጃ። ከመጠን በላይ የተዋበ አሮጌ መኪና ሳይ ሆዴ አይወደውም። የበሮቹ ክፍተት እንደ አዲስ ጀርመን መኪና ወጥ ሆኖ፣ ቀለሙ እንደ መስታወት ሆኖ ሳየው «ይቺስ ማን ሠራት?» እላለሁ። በእርግጥ ባለቤቱ ገንዘቡን ከፍሏል፤ ያሻውን ማድረግ መብቱ ነው።

ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሠሩት ላይ ነገሩ ይብሳል። ሞዴና ውስጥ ስካሊዬቲ ለፌራሪ ቦዲ ሲሠራ አሉሚኒየሙን አሸዋ በሞላ ከረጢት ላይ አስተኝቶ በመዶሻ መምታት የታወቀበት ነው። እንዲህ ሲሠራ ሁለቱ ጎኖች መንትያ አይሆኑም። የአንዱን መኪና ኮፈን ወስደህ ሌላው ላይ ብትገጥመው እንቢ ይልሃል። የነዚህ መኪኖች ሰዎች በረድፍ ተቀምጠው ስለ አፍንጫ ሲከራከሩ ያመሻሉ። ፌራሪ 275 ጂቲቢ አፍንጫዋ አጭር የሆነ አለች፣ ረጅም የሆነ አለች። አጭሯ በፍጥነት ስትሄድ ከፊት እየቀለለች አስቸገረች፤ በ1965 አስረዘሙት። በዚያው የኋላ ኮፈኗን ማጠፊያ ከውስጥ ወደ ውጭ አወጡትና ለሻንጣ ቦታ ተገኘ። ከኋላ ሆነህ ማጠፊያውን ካየህ ፊቷን ሳታይ አፍንጫዋን ታውቃለህ።

የላምቦርጊኒዋን ሚዩራ ደግሞ ዓይኗን አይቶ የማይረሳት የለም። ማርቼሎ ጋንዲኒ ቤርቶኔ ሳለ የነደፋት፣ በ1966 ጄኔቫ ላይ የታየች። የፊት መብራቷ ወደ ላይ አንጋጦ ተኝቷል፤ ከላይና ከታቹ ጥቁር ሽፋሽፍት አለው። በእውነት ሽፋሽፍት ነው የሚመስለው፣ የተኳለች ሴት። በ1971 ኤስቪ የምትባለዋ መጣች። ሽፋሽፍቷ የለም፤ ዳሌዋ ግን ሰፍቷል። ከሁሉ ውዷ እሷ ሆነችና የቀድሞዎቹን ሽፋሽፍት እየነቀሉ ኤስቪ ያስመሰሉ ባለንብረቶች ነበሩ። ዛሬ መልሰው ሽፋሽፍት የሚያስተክሉ አሉ። ሰው ለራሱ የሚያደርገውን ለመኪናውም ያደርጋል።

ወደ ነጯ መኪና ልመለስ፤ ነጭ አልነበረችምና።

አሬዜ ያለው የአልፋ ሙዚየም የሰነድ ማዕከል አለው። የሻንሲ ቁጥር ሲላክለት መኪናዋ መቼ እንደተሠራች፣ ምን ቀለም እንደነበረች፣ ወዴት እንደተላከች ከመዝገብ አይቶ ይጽፋል። የኛዋ መልስ መጣ። «ብሉ ኦላንዴዜ»። የሆላንድ ሰማያዊ። ዳሽቦርዱን ስናወጣ ከጀርባው፣ ማንም ቀለም ቀቢ ሊደርስበት በማይችል ጥግ፣ እውነትም ጥልቅ ሰማያዊ ቀለም አገኘን። በጣቴ አቧራውን ስጠርገው ትናንት የተቀባ ይመስላል።

ባለቤቱ ግን ቀይ ፈለገ። የጣልያን ስፖርት መኪና ቀይ ነው፣ አለቀ። ካፖ ተከራከሩ። እጃቸውን አወናጨፉ። ዓለም አቀፉ የጥንት መኪኖች ፌዴሬሽን፣ ፊቫ፣ የቱሪን ቻርተር የሚባል ሰነድ አለው። ለሕንፃና ለሐውልት ከወጣው ከ1964ቱ የቬኒስ ቻርተር መንፈሱን የወረሰ ነው። አሮጌውን በተቻለ መጠን አቆይ፣ የነካኸውን አሳውቅ ይላል ባጭሩ። ካፖ አንብበውት አያውቁም፤ ማንበብም አያስፈልጋቸውም። ሰውየው ግን ገንዘቡ የእሱ፣ መኪናዋም የእሱ ናት። ቀይ ቀባናት።

ከዳሽቦርዱ ጀርባ ያለውን መዳፍ የምታህል ሰማያዊ ግን በወረቀትና በፕላስተር ሸፈንነው። ቀለሙ ደርቆ ሲላጥ ሰማያዊው ቀይ ውስጥ እንደ መስኮት ታየ። ከዚያ ዳሽቦርዱ መጣና ከደነው። ባለቤቱ እንዳለ አያውቅም። እኛም አልነገርነውም። የሚቀጥለው ባቲላሜራ ሲፈታው ያገኘዋል።

አምና አዲስ አበባ ሄድኩ። ጋሼ አርጅተዋል። እጃቸው ግን አሁንም ሰው ሲጨብጥ ያሳምማል። ግቢያቸው ውስጥ፣ ከቆጡ ሥር፣ ሴይቼንቶዋ አለች። ፊያት 600። በልጅነቴ የማውቃት። ይቺ መኪና ስፖርት አይደለችም፤ ሞተሯ ከኋላ፣ ፍጥነቷ ከልብ። ለቤተሰብ ተብላ በ1955 የወጣች ትንሽዬ ናት። ከተማችንን በታክሲነት ስንት ዘመን አመላልሳለች። ግን አሁን ዓይኔ ተበላሽቷል ብያችሁ የለ? መጀመሪያ ያየሁት የበሩን ማጠፊያ ነው። ከኋላ በኩል ነው። በሩ ሲከፈት ፊቱን ወደ ነፋሱ ይሰጣል። ፊያት በ1964 ነው ማጠፊያውን ወደ ፊት ያዞረው።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ከ1964 በፊት የተሠራች ናት!» አልኳቸው።

«ይህን ለማወቅ ነው ጣልያን አገር ድረስ የሄድከው?» አሉ። «ሊብሬው ላይ ተጽፏል።»

ከዚያ ፓራፋንጎዋን ዳሰስኩት። የቀኙን። ከመብራቱ ሥር ላሜራው ይወፍራል። ዝቅ ብዬ በውስጥ በኩል አየሁት። ጥፍጥፍ አለው፤ ከዘይት በርሜል የተቆረጠ ላሜራ። የበርሜሉ ቢጫ ቀለምና የሁለት ፊደላት ቁራጭ አሁንም ይታያሉ። ጋሼ ላሜራ በጠፋበት ዘመን የሠሩት ነው። ዙሪያውን በመዶሻ ያጠፉበት ከንፈር ከውጭ በስቱኮ ተሸፍኗል፤ ከውስጥ ግን እያንዳንዱ ምት ይቆጠራል።

«እሱን እኮ ልቀይረው ነው» አሉኝ አፍረው። «አሁን ላሜራ እንደ ልብ ነው። ወጣቱ ነገ መጥቶ ይቆርጥልኛል።»

«አይቁረጡት ጋሼ።»

«ምን?»

«ይተዉት። እንዲህ ደስ ይላል።»

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ ቤት ጮሁ። «ስሚ እስቲ! ልጁ ፈረንጅ አገር ሄዶ ዝገት መውደድ ተምሮ መጣ!»

ምሳ ላይ ሁሉም ሳቁብኝ። ይሳቁ። ስወጣ ግን ጋሼ የጋዜጣ ቁራጭና እርሳስ ይዘው ሴይቼንቶዋ ኋላ በርከክ አሉ። የኋላ መብራቷ መስታወት ተሰብሯል፤ የግራው ግን ደህና ነው። ጋዜጣውን በላዩ ለጥፈው ዙሪያውን በእርሳስ ከበቡት። የብሎኖቹን ቀዳዳ ሳይቀር ምልክት አደረጉ። አጥፈው ሰጡኝ።

«ይኸውልህ። ኦሪጅናሉን። መርካቶ ያለው አይገጥምም።»

ሚላን ከሊናቴ ኤርፖርት አጠገብ ኖቬግሮ የሚባል ቦታ አለ። በዓመት ጥቂት ጊዜ የአሮጌ መኪና ዕቃ ገበያ ይቆምበታል። ሰው ከሣጥን ሣጥን እየዞረ ብሎን ሲመርጥ የሚውልበት። ሄድኩ። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ቀይ መስታወቶች አገኘሁ። ነጋዴው «ሴይቼንቶ፣ ሴይቼንቶ» ይላል። የጋሼን ጋዜጣ ዘረጋሁና መስታወቱን አስቀመጥኩበት። የታችኛው ጠርዝ ከእርሳሱ መስመር ትንሽ ያልፋል። ሁለት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ለኋለኛው ሞዴል የተሠራ ወይም ቅጂ ይሆናል። መልሼ አስቀመጥኩት።

ማታ ደወልኩላቸው። አገኘሁ፣ ግን በሁለት ሚሊሜትር ስለሚበልጥ አልገዛሁትም አልኳቸው።

ትንሽ ዝም አሉ።

«አንተ» አሉ ጋሼ። «ሞረድ የለህም?»